ቀለብ ያቋረጥኩት እኔ ነበርኩ

ጥር 2017 ላይ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣልኝ። ፒያሳ አካባቢ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ማሽን ላይ ስለነበርኩ እጄ ቀለም በቀለም እንደሆነ ፈርሜ ተቀበልኩ። ወረቀቱ ላይ እኔ «የፍርድ ባለዕዳ» ተብያለሁ፣ የልጄ እናት ደግሞ «የፍርድ ባለመብት»። ዕዳው የሦስት ወር ቀለብ ነው፣ 6,000 ብር።

ያን ዕለት ንዴት ብቻ ነበር የተሰማኝ። ልጄን የከለከለችኝ እሷ ሆና እንዴት እኔ እከሰሳለሁ አልኩ። ንዴቴ ከየት እንደመጣ ዛሬም ይገባኛል። ያደረግኩት ግን ስህተት ነበር፤ በሕግም ስህተት፣ በልጄም ላይ በደል። «ልጄን ካላየሁ ሳንቲም አልሰጥም» የሚል አባት ወይም «ካልከፈለ አያያትም» የምትል እናት ይህን ካነበቡ፣ እኔ የከሰርኳቸውን ወራት ሳይከስሩ ሊተርፉ ይችላሉ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የምነግራችሁ በራሴ መዝገብ ያየሁትንና እየጠየቅኩ የተማርኩትን ነው።

እኔና የልጄ የሚሚ እናት የተፋታነው በ2013 ነው። ሚሚ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም፣ ሁለታችንም ደክሞናል፣ በስምምነት እንለያይ ተባብለን ልደታ ፍርድ ቤት ሄድን። ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ አንዱ ጋ ቁጭ ብለን ውላችንን አስጻፍን። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አባት በወር 2,000 ብር ቀለብ ይሰጣል። አባት «በሚመቸው ጊዜ» ልጁን መጎብኘት ይችላል። ይኸው ነው፣ አንድ ገጽ እንኳን አልሞላም። ፍርድ ቤቱ የማሰላሰያ ጊዜ ሰጠን። ሕጉ እስከ ሦስት ወር ይፈቅዳል። ተመልሰን ሄደን «ሐሳባችን አልተለወጠም» አልን፣ ስምምነቱ ጸደቀ።

ያቺ «በሚመቸው ጊዜ» የምትለው ቃል ናት ኋላ ጉድ የሠራችን። ስንጽፋት ጨዋነት መስሎን ነበር። ቀንና ሰዓት መቁጠር እንደ ጠላት መተያየት መስሎ ታየን፤ እኛ እኮ የሰው ልጆች ነን፣ እንግባባለን አልን። በርግጥ ሦስት ዓመት ተግባብተናል። ዶሮ ማነቂያ ነበር የምኖረው። ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ሚሚን ይዤ እመጣለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመልሳታለሁ። ብሩንም ብዙ ጊዜ በእጅ ነበር የምሰጣት። ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ።

በ2016 ሰፈራችን ለልማት ተነሣና ግንፍሌ አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ። ግቢው ውስጥ ስድስት ተከራይ አለ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። የሚሚ እናት አንድ ቀን መጥታ አየችውና «የማላውቃቸው ወንዶች ባሉበት ግቢ ልጄ አታድርም» አለች። ይህን ያለችው በክፋት እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። ሴት ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚያስበውን ነው ያሰበችው። ያኔ ግን ስድብ መስሎኝ ነበር፤ ቤት አጥቼ፣ ኪራይ እጥፍ ሆኖብኝ፣ ጭራሽ ለልጄ የማልመች ሰው ተደረግኩ ብዬ። ከዚያ ቅዳሜዎቹ መዝለል ጀመሩ። አንዱ ቅዳሜ «አሟታል» ነው፣ ሌላው «ፈተና አለባት»፣ ሌላው «እንግዳ አለብን»። አንድ ቅዳሜ በራቸው ላይ ጮህኩ። እሷም ጮኸች። ሚሚ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች።

ጥቅምት 2017 ላይ ብሩን አቆምኩ።

እንዲህ ሳደርግ ለራሴ የነገርኩት «በእጄ የቀረኝ ነገር ይኼ ብቻ ነው» የሚል ነበር። የሚሚ የክርስትና እናት፣ አራት ኪሎ የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ጠርተው «ልጄ፣ ብሩን የከለከልከው ለማን ነው?» ሲሉኝ «ለእናቷ» አልኳቸው። «ዳቦውን የምትበላውስ ማን ናት?» አሉ። መልስ አልነበረኝም፣ ግን አልተመለስኩም። በእልህ ላይ ነበርኩ።

በመሃል ፖሊስ ጋም ሄጃለሁ። የ2013ቱን የፍርድ ግልባጭ ይዤ «ልጄን አስረክቡኝ» አልኩ። የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ከአፈጻጸም ችሎት ትእዛዝ አምጣ አሉኝ። ለካ ፍርድ ማለት ራሱን አያስፈጽምም። የተፈረደልህን ነገር ለማግኘት የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት አለብህ። የሚሚ እናት ይህን ከኔ ቀድማ አወቀች፣ መጥሪያውም መጣ።

መጥሪያው ከመጣ በኋላ ስድስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው ብሎ ጓደኛዬ ነገረኝና ሄድኩ። (ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። የሚሚ እናት በዚያ በኩል እንደተረዳች ኋላ ሰማሁ።) አንዲት ወጣት ልጅ ወረቀቴን አነበበችና ታሪኬን ጨርሼ እስክነግራት ድረስ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያ «ቀለብና ጉብኝት አንዱ የሌላው ዋጋ አይደለም» አለችኝ። ቀለቡ የሚሚ ነው፣ እናቷ የምትቀበለው ለእሷ ብላ ነው። አባቷን ማየትም የሚሚ መብት ነው። አንዱ ወላጅ የሚሚን አንድ መብት ሲነካ ሌላው በበቀል ሁለተኛውን መብቷን ቢነካ፣ ሁለት ጊዜ የተጎዳችው እሷው ናት።

ሕጉን ከፍታ አሳየችኝ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 113፦ ፍቺ ሲወሰን ፍርድ ቤቱ ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውን፣ ቀለባቸውንና ከወላጆቻቸው ጋር የሚገናኙበትን ሁኔታ አብሮ ይወስናል። ሲወስንም የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ አኗኗር ያያል፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ ቀዳሚው ነገር የሕፃኑ ደኅንነት እንዲሆን ያዝዛል። አንድ የሰበር ውሳኔም ነገረችኝ (ሰበር ማለት የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት ነው)፣ መዝገብ ቁጥር 23632። እናቱ የሞተችበትንና አክስቱ የምታሳድገውን ልጅ፣ ቀድሞ ዞር ብሎ ያላየው አባት ልውሰድ ብሎ ይከራከራል። የሥር ፍርድ ቤቶች «አባት ነው» ብለው ፈረዱለት፣ ሰበር ግን ሻረው። አባት መሆን ብቻውን አይበቃም፣ ለልጁ የሚበጀው የቱ ነው የሚለው ይቀድማል ተባለ። የሰበር የሕግ ትርጉም ደግሞ የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። «አባቷ እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ርቀት የሚወስደኝ መስሎኝ ነበር።

በወንጀልም አለ። ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው በቂ ምክንያት ሳይኖረው እምቢ ካለ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ሊጠየቅ ይችላል። ብዙ አባት ይህን አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

የአፈጻጸም ችሎቱ ቀን አፌን ሞልቼ ስለ ቅዳሜዎቹ ላወራ ተዘጋጅቼ ገባሁ። ዳኛዋ ገና ስጀምር አስቆሙኝ። «ያ ሌላ ጥያቄ ነው፣ በራስህ አቤቱታ አምጣው። አሁን የምጠይቅህ ከፍለሃል ወይስ አልከፈልክም?» አፈጻጸም ላይ የቀድሞው ፍርድ ትክክል ነው አይደለም ብሎ መከራከር የለም። ያለው የተፈረደው ተፈጽሟል አልተፈጸመም ነው። «ኅዳር ላይ ጫማና ሹራብ ገዝቼላታለሁ» አልኩ። ያ ስጦታ ነው፣ ቀለብ አይደለም ተባልኩ። የመስከረምን ብር በእጅ መስጠቴንም አነሣሁ። ማስረጃ አልነበረኝም። የሚሚ እናት ግን ሳትጠየቅ «የመስከረሙን ሰጥቶኛል፣ የምጠይቀው ከጥቅምት ወዲህ ያለውን ነው» አለች። ክፉ ሰው ብትሆን አልተቀበልኩም ልትል ትችል ነበር፣ እኔም ሁለተኛ እከፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ብር በእጅ ሰጥቼ አላውቅም። በባንክ ነው የማስተላልፈው፣ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ «የኅዳር ቀለብ» ብዬ ወሩን እጽፋለሁ። ለትምህርት ቤት የምከፍለውን ለብቻው፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቼ። የትዳር ጓደኛህ የነበረችን ሴት አላምንም ማለት አይደለም ይኼ። ነገ ሁለታችሁም የምትረሱትን ወረቀቱ ያስታውሳል።

ትእዛዙ ወደ መሥሪያ ቤቴ ሄደ፣ የወሩ 2,000 እና ከውዝፉ 1,000 ተደምሮ 3,000 ብር በየወሩ ከደመወዜ እንዲቆረጥ፣ ውዝፉ በስድስት ወር አለቀ። እዚህ ጋ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ነገር ልንገራችሁ። «ቀለብ ማለት የደመወዝ ሲሶ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። አይደለም። ሕጉ ለቀለብ ያስቀመጠው ቁርጥ መጠን የለም። የሚታየው የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ነው። ሲሶ የሚለው የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከሠራተኛ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ተደምሮ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ስለሚል ነው። የኔ ደመወዝ ያኔ 11,400 ነበር፣ ስለዚህ ጣሪያው 3,800። ብድር ወይም ሌላ ቅናሽ ያለበት ሰው ደግሞ ያ ሁሉ እዚያው ጣሪያ ሥር ነው የሚገባው። እናቶች፣ አባትየው «የማኅበር ብድር ይቆረጥብኛል» ካለ የደመወዝ ዝርዝሩ ከመሥሪያ ቤቱ ተጠይቆ እንዲመጣ ለፍርድ ቤቱ አመልክቱ።

አሁን የምጽፈውን አንዳንድ አባት ማምለጫ ሊያደርገው ይችላል፣ እኔ ግን የምጽፈው ለእናቶች ነው። ውዝፍ ቀለብ ዝም ብሎ አይጠራቀምም። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ሳይሰበሰብና ሳይጠየቅ ሦስት ወር ያለፈው ቀለብ፣ ለመኖር የግድ አስፈላጊ መሆኑ ካልታየ በቀር፣ ከዚያ በኋላ አይጠየቅም። የሚሚ እናት ልክ በሦስተኛው ወር የመጣችው ይህን የነገራት ሰው ስለነበረ ነው። ጎረቤቴ አንዲት እናት አሉ፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ሁለት ዓመት አሳደጉ፣ «ሰው ምን ይለኛል፣ አባታቸውን አስከሰሰች ልባል ነው?» ብለው። አባትየው ሥራ አለው፣ አቅም አለው። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የዚያን ሁሉ ጊዜ አላገኙም። ይሉኝታቸው የበላው የልጆቹን እንጀራ ነው። እባካችሁ አንድ ወር ሲዘል ጠይቁ፣ በጽሑፍ። ሁለተኛው ሲዘል መዝገብ አስከፍቱ።

ደመወዝ የሌለው፣ ታክሲ የሚነዳ ወይም የሚነግድ አባት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የአፈጻጸም ማመልከቻ ስትጽፉ ምን ንብረት እንዳለው ለይቶ መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ተነሥቶ አይፈልግላችሁም። መኪና ካለው ሰሌዳውን፣ ሱቅ ካለው ቦታውን፣ በየትኛው ባንክ እንደሚጠቀም፣ የሚያከራየው ቤት ካለ እሱን። የባንኩን ስም ካወቃችሁ፣ ባንኩ ያለውን ገንዘብ እንዲገልጽ ትእዛዝ ይጠየቃል። እያለው የሚደብቅ ሰው ቀርቦ ሊጠየቅ፣ ከባሰም ሊታሰር ይችላል። እስሩን ግን የመጨረሻ አድርጉት፣ እስር ቤት ያለ አባት ቀለብ አይሠራም።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ስለ ቅዳሜዎቹ የራሴን አቤቱታ አስገባሁ። ያቺ ነፃ የሕግ ድጋፉ ጋ ያገኘኋት ወጣት ናት የጻፈችልኝ። «ልጄን ከለከለችኝ» ብዬ መጀመር ፈልጌ ነበር። እሷ ግን «ይህ ፍርድ ሊፈጸም አይችልም፣ ምን ሰዓት፣ የት፣ ማን እንደሚያስረክብ አልተጻፈበትም፣ ስለዚህ የጉብኝቱ ሁኔታ በዝርዝር ይወሰንልን» ብላ ቀየረችው። ለካ ነገሩ ይኼ ነበር። «በሚመቸው ጊዜ» የሚል ፍርድ ይዘህ አፈጻጸም ብትሄድ ዳኛ ምን ብሎ ያዝዛል? ለእኔ የሚመቸኝ ለእሷ ካልተመቸስ? የተከለከልኩ የመሰለኝ ግማሹ ችግር እኛው በ2013 በአንድ ገጽ የጻፍነው ነው። አቤቱታው ጋር የቅዳሜዎቹን ቀን የመዘገብኩበትን ደብተርና የተላላክናቸውን መልእክቶች አያያዝኩ። በስልክ የተባባልነው ግን የትም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የልጁን ነገር በጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው የምንነጋገረው፣ ሁለት መስመር፣ ያለ ስድብ። ነገ ዳኛ ፊት እንደሚነበብ አድርጋችሁ ጻፉት፣ ምክንያቱም ይነበባል።

እሷም መልሷን ስታስገባ ቀለቡ እንዲጨምር ጠየቀች። 2,000 ብር በ2013 እና በ2017 አንድ አይደለም፣ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ቀለብ አንዴ ተወስኖ የቀረ ነገር አይደለም። የልጁ ፍላጎት ወይም የከፋዩ አቅም ሲለወጥ ይጨምርልኝ፣ ይቀነስልኝ ማለት ይቻላል። እኔ ስቸገር ማድረግ የነበረብኝም ይኼው ነበር፤ ኪራዬ እንደጨመረ አስረድቼ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ እንጂ በራሴ ሥልጣን ማቆም አልነበረም።

ችሎቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ አዘዘ። ይህን ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ቤቴን ልትሰልል የምትመጣ መሰለኝ። ክፍሌን ቀለም ቀባሁ፣ አዲስ አንሶላ ገዛሁ። ሴትዮዋ አንሶላውን አላየችም። የጠየቀችኝ ሚሚ የት እንደምትተኛ፣ ሽንት ቤት ሌሊት ማን እንደሚወስዳት፣ ቅዳሜ ሥራ ከገባሁ ከማን ጋር እንደምትውል፣ የክፍል ኃላፊ መምህሯን ስም ነው። የመምህሯን ስም አላውቅም ነበር። ያን ቀን ነው የሆነ ነገር ውስጤ የተሰበረው። ሁለት ወር ስለ መብቴ ስከራከር የልጄን መምህር ስም አላውቅም።

ሚሚንም ለብቻዋ አነጋገረቻት። ሪፖርቱ ሲነበብ ልጄ ምን እንዳለች ሰማን። «አባዬ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» ብላለች። ቀጥላ ደግሞ «በሩ ላይ ግን አልፈልግም፣ ሲጮሁ ጎረቤት ያየናል» ብላለች። እናቷም እኔም ቀና አላልንም። የስምንት ዓመት ልጅ ያሰበችው የቀለብ መጠን አይደለም፣ ማን ያሳድጋት የሚለውም አይደለም፣ ያቺን በር ነው።

ዳኛዋ እዚያው ላይ ዕረፍት ሰጡንና ተነጋግራችሁ ግቡ አሉ። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ከፍቺ ወዲህ እንደዚያ ተቀምጠን አናውቅም። የክርስትና እናቷን ቤት መጀመሪያ የጠራችው እሷ ናት። ከዚያ የቀረው ቀላል ሆነ፣ ወረቀት ላይ ጽፈን ገባን፣ ፍርድ ቤቱ አጸደቀው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እናቷ አራት ኪሎ የክርስትና እናቷ ቤት ታደርሳታለች፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እኔ እሄድና እወስዳታለሁ። አንገናኝም። እሑድ 10 ሰዓት እዚያው እመልሳታለሁ። እኔ ጋ ማደሩ የተፈቀደው ግቢ ከቀየርኩ በኋላ ነው፣ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ክፍል እዚያው ግንፍሌ እስካገኝ ድረስ ለሦስት ወር ቅዳሜ ብቻ ውላ ትመለስ ነበር። ከነሐሴ ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ናት። ገና ከእናቷ ጋር፣ ጥምቀት ከኔ ጋር፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ በየዓመቱ እየተቀያየርን። ከታመመች ያለቺበት ወላጅ በዕለቱ ለሌላው ያሳውቃል፣ የቀረውም ቅዳሜ በሚቀጥለው ሳምንት ይተካል። ረቡዕ ማታ 1 ሰዓት በስልክ አወራታለሁ። ቀለቡ 3,200 ሆነ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እንድትገለብጡት አይደለም፣ የእናንተ ልጅ የእናንተ ነው። ግን እንዲህ ሲጻፍ ነው ሊፈጸም የሚችለው። ዳኛ «ቅዳሜ 3 ሰዓት ተኩል» የሚለውን ማስፈጸም ይችላል፣ ያላከበረውንም ወገን ጠርቶ መጠየቅ ይችላል።

ይህን ካደረግን በኋላም ሁለት ቅዳሜ ተዘልሏል። ግን አልጮህኩም። በመልእክት ጠየቅኩ፣ መልስ ያዝኩ፣ ተተካልኝ። ባይተካ ወደ አፈጻጸም እሄድ ነበር። ፖሊስ ይዞ ልጅን ከቤት ማስወጣት የሚያስፈልግበት ጊዜ ሊኖር ይችላል፣ ልጁ አደጋ ላይ ከሆነ። ለቅዳሜ ብላችሁ ግን ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ልጃችሁ ፊት አታቁሙ።

ሌሎች የጠየቁኝን ቶሎ ቶሎ ልመልስ። ክሱ እስኪያልቅ ወራት ይፈጃል፣ ልጁ እስከዚያ ምን ይብላ ላላችሁኝ፦ የፍቺ ክስ ገና እንደቀረበ ስለ ልጆቹ መኖሪያና ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፣ አቤቱታችሁ ላይ ጠይቁት። የዳኝነት መክፈያ የሌለው በደሃ ደንብ ልክሰስ ብሎ ያመለክታል፤ ስሙ ደስ አይልም፣ ግን መብት ነው። ሳይጋቡ የወለዱ ካላችሁ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ መብቱ እኩል ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይላል። አባትነቱ ካልታወቀ ግን መጀመሪያ የሚቀድመው እሱን ማስወሰን ነው። ይግባኝ 60 ቀን ነው፣ ከውሳኔው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፣ ግልባጩን ቶሎ አውጡ። ቤት ስትቀይሩ ደግሞ ለመዝገብ ቤቱ አዲሱን አድራሻ አስመዝግቡ። የኔ መጥሪያ መጀመሪያ የሄደው ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ ቤቱ ወደሌለበት ቦታ። ሥራ ቦታዬን ባያውቁት ኖሮ በሌለሁበት ሊታይ ይችል ነበር።

አሁን ታኅሣሥ 2018 ነው። የሚሚ መምህር ስም ስልኬ ውስጥ አለ። ዘንድሮ ከተራ እሑድ ይውላል፣ ጥምቀት ሰኞ። በትእዛዙ መሠረት እሑድ 10 ሰዓት መመለሻዋ ነው፣ ጥምቀት ደግሞ የኔ ነው፣ ሁለቱ ተጋጩ። ትናንት ለእናቷ ጻፍኩላት፦ «እሑድ ከምመልሳት ሰኞ ማታ 12 ሰዓት ብመልሳትስ? ታቦቱን ከጃንሜዳ ሸኝተን እንመጣለን»። ማታ መለሰች፦ «እሺ። ነጭ ቀሚሷን አጥቤ እልካለሁ፣ ፀሐይ ላይ ብዙ አታቁማት»።